ከቡችላው በፊት ቤቱ

ዝናብ የመታው ውሻ ሽታ ለብዙ ሰው ደስ አይልም። ባለፈው ክረምት ግን ጎረቤቴ ሰላማዊት ያቺን ነጭ ጨብራራ ውሻዋን ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች ቤቴ ስትገባ፣ ያ ሽታ እሷን ቀድሞ ገባና ስንት ዘመን ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ። ሰላማዊት አየር ጤና የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። እናቷን ከቀበርን ወዲህ በዚያ ቤት ያሉት እሷና ውሻዋ ብቻ ናቸው፤ ማታ ስትመለስ የምታወራው ከእሷ ጋር፣ ጠዋት ስትወጣ የምትሰናበተው እሷን ነው። ፎጣ ሰጠኋትና ውሻዋን እያደራረቀች፣

«እማማ አስካለ፣ ላስጠቃት ነው» አለችኝ። «ሥራ ቦታ አንዱ ልጅ ጋ አሪፍ ዘር የሆነ ወንድ አለ። ቡችሎቹ እንዴት እንደሚያምሩ ያስቡት! ሁሉም ሰው ይፈልጋል።»

«ሁሉም ማለት ማን ማን?»

«ሁሉም ነዋ!» ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ልከለክላት አልፈለግሁም፤ ሰው የሚወደው ነገር እንዲበዛለት ቢመኝ ክፋት የለበትም። «ሻይ ላፍላልሽና አንድ ነገር ላጫውትሽ» አልኳት። እዚህ የምጽፈው ያጫወትኳትን ነው፤ እግረ መንገዴን ስለዚያ ዘመን ጥቂት ብጨምር ደግሞ የሚከፋብኝ ያለ አይመስለኝም።

ኮልፌ ያን ጊዜ ከተማ ነው ቢሉት የሚያምን አልነበረም። ዛሬ ታክሲዎቹ የሚዞሩበት አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ረዳቶቹ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «መርካቶ፣ የሞላ!» የሚሉበት ቦታ፣ ያን ጊዜ የባሕር ዛፍ ጥሻና ረግረግ ነበር። ሲመሽ ጅብ በአጥራችን ሥር ሲያልፍ ኮቴውን እንሰማ ነበር። ሰፈሩ ድምፅ የበዛበት ጣሊያን መንገዱን ማንጠፍ ሲጀምር ነው፤ ድንጋይ ይፈለጣል፣ የጭነት መኪናዎቹ ጭቃ እየረጩ ይወርዳሉ፣ ካኪ የለበሱ ነጮች ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ይጮኻሉ። የፖለቲካውን ነገር እኔን አትጠይቁኝ፤ ያየሁትን ክፉ ለመናገር ሌላ አፍ ያስፈልገኛል። እኔ የማስታውሰው አቡጀዲ ተወድዶ አሮጌውን ቀሚስ ገልብጠን እንደሰፋን ነው። ገበያ ላይ ባላገሩ የጣሊያንን የወረቀት ገንዘብ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ እያየ «ጠገራ ብር የለሽም?» ሲል ትዝ ይለኛል። ሽታ ያለው ሳሙና ለመጀመሪያ ጊዜ አግኝቼ፣ መታጠቢያ ማድረጉ አሳዝኖኝ ከልብሴ መሐል ደብቄ አስቀምጬው ነበር። መንገዱ ዳር ካለው የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሸክላ ይዘፍናል፤ የአንዲት ነጭ ሴት ድምፅ ነው። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን ለምጄው ገብስ ስፈትግ አንጎራጉረው ነበር። አዶት ይሰሙኝና «የማታውቂውን ቃል አትዝፈኚ፤ እኛን እየሰደበ ቢሆንስ?» ይሉኛል።

አዶት አማቴ ናቸው። በጉራጌኛ እናት ማለት ነው፤ ባለቤቴ ወልዴ እንደዚያ ስለሚጠራቸው እኔም ያንኑ ያዝኩ። ወልዴ ጨርቅና ጨው ጭኖ ወደ አገር ቤት ይወርዳል፣ ቅቤና ቆጮ ይዞ ይመለሳል፤ ከቤት የሚሰነብትበት ጊዜ ጥቂት ነበር። እኔ ገና ለጋ ሙሽራ ነኝ። አንድ ጊዜ አዶት ራሳቸው ከአገር ቤት ሲመለሱ ገና ዓይኗን የገለጠች ቡችላ በነጠላቸው ጠቅልለው አመጡልኝ። «ባልሽ መንገደኛ ነው፤ አብራሽ የምትውል ትሁን» አሉኝ። መልኳ ነጣ ያለ፣ ልክ ከእንሰት እንደሚወጣው ቡላ ስለነበረ ስሟ ቡላ ሆነ። በዚያ ዘመን ውሻ ቤት አይገባም፤ ከጣራው ክፈፍ ሥር የእንሰት ቅጠል አንጥፈን እዚያ ታድራለች። ቀን ግን እግሬ ሥር ናት። ውኃ ስቀዳ ትከተለኛለች፤ እንጨት ስለቅም ትቀድመኛለች።

ዓመት ሊሞላት ሲል ወንድ ፈለገች። የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ አጥራችንን ከበበ። እኛም ሌት ጓዳ ዘግተን፣ ቀን በአዶት ዱላ ጠበቅናት። ይህንኑ ሰምቶ ነው አቶ ሽብሩ የመጣው።

አቶ ሽብሩ ጣሊያን የሾመው የሰፈሩ ሹም ነበር። ፊት ለፊት «እርስዎ» እንለዋለን፤ ዞር ሲል ግን «እሱ» ነው። ወፍራም የካኪ ካፖርት ነበረው፣ በበጋም አያወልቀውም። አንድ ቃል ከአፉ ከወጣ ሰው ከቤቱ ተወስዶ ላይመለስ ይችላል። ሰዉ እሱ ሲያልፍ እያየ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላል፤ እሱ እንዳይሰማ ግን በልቡ ነው የሚለው።

በሩ ላይ ቆሞ «ውሻችሁ ደረሰች አሉ» አለ። «የጋራዡን ሲኞር አነጋግሬዋለሁ። ነገ ወደ ውሻው ትወሰድ። ቡችሎቹን እኔ እወስዳለሁ።»

የሲኞሩን ውሻ ኮልፌ ውስጥ የማያውቀው የለም። ሉፖ ይባላል፤ ጀርባው ጥቁር፣ ጆሮው እንደ ቀንድ የቆመ፣ ተኩላ የሚያክል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየዋል። የሱን ዘር ማግኘት ትልቅ ክብር ነበር። እኔማ እውነቱን ለመናገር ልቤ ዘለለ፤ አንዱን ቢተውልን ብዬ፣ ወልዴ ሲመጣ በደጃችን እንደዚያ ያለ ውሻ ሲያይ ታየኝ።

አዶት ግን በርጩማ አቀረቡለት፣ አሬራ ቀዱለት። ከተቀመጠ በኋላ ቡላን ጠሩና እፊቱ አቆሟት። ጉልበቱ ጋ እንኳን አልደረሰችም።

«አቶ ሽብሩ፣ ይቺ ራሷ ገና ልጅ ናት» አሉ። «ወንድ መፈለግና ለእናትነት መድረስ አንድ አይደለም። አጥንቷ ገና አልጠናም። ያን የሚያክል አውሬ ዘር ቢገባባት፣ ቡችላው ከሆዷ ሲወጣ እሷን ይዟት ይሄዳል።»

ይህን ሲሉ እኔን አላዩኝም፤ እኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ከተጋባን ወዲህ ሴቶቹ ውኃ ስቀዳ ሆዴን እያዩ «አሁንም የለም?» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ የማይሉት አዶት ብቻ ነበሩ። ለምን እንደማይሉኝ የገባኝ ያን ቀን ነው።

አቶ ሽብሩ አሬራውን አስቀመጠ። «ውሻ ናት'ኮ እማማ!»

«ውሻ ናት። ስለዚህ እኛ ነን የምናስብላት። ደግሞስ ብዙ ብትወልድና አብዛኞቹ ሴት ቢሆኑ?»

«ሴቶቹ ወንዝ ይጣላሉ፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው።»

«ለመጣል ከሆነ ባይወለዱ ይሻላል» አሉ አዶት፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

«እምቢ ማለትዎ ነው?»

ለሹም «እምቢ» የሚባልበት ጊዜ አልነበረም። አዶት ግን እንደ ገበያ ወሬ አድርገው፣ «እምቢ አላልኩም። ውሻው የሲኞሩ ነው፤ አብረን ሄደን ስለ ውሻው እንጠይቀው። በሬ እንኳን ሲገዛ ጥርሱ ይታያል» አሉት።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስታችን ወደ ጋራዡ ወረድን። ሲኞሩ ከመኪና ሥር ወጣ፤ እጁ እስከ ክንዱ ዘይት ነው። የተሰባበረ አማርኛ ያውቃል። አዶት ቀና ብለው ያዩትና «የውሻህ እናት እንዴት ነበረች?» አሉት። ሰውዬው የእጁን ዘይት በጨርቅ ጠረገ። እንዲህ ያለ ነገር ከአቶ ሽብሩም ከሌላም ሰው ተጠይቆ አያውቅም መሰለኝ። ከዚያ ሁለት እጁን መሬት ለመሬት እየጎተተ «እናት... ኋላ እግር... ሞተ» አለ። የሉፖን ወገብ ዳሰስ አድርጎ «እሱም ጠዋት ሲነሣ... ቀስ፣ ቀስ። ልጅ ጥሩ አይደለም» አለና ራሱን ነቀነቀ። አቶ ሽብሩን እያየ ደግሞ «አንተ ይሄ አልጠየቀም» አለው።

ያ ተኩላ የሚያክል ውሻ ከተኛበት ሲነሣ ያን ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት። እንደ ሽማግሌ ነበር የተነሣው፤ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ኋላውን።

ስንመለስ አቶ ሽብሩ ካፖርቱን ጠቅልሎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሰው እያየው ስለሆነ አፍሯል። ጥሻው ጋ ስንደርስ አዶት ጠሩት። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ሲሉት የነበሩት ሴትዮ ያን ጊዜ «አንተ» አሉት፤ በንቀት ሳይሆን እናት ልጇን እንደምትጠራው።

«ሽብሩ፣ ልጄ፣ ምንድን ነው የፈራኸው?»

ቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ሚስቴ አትተኛም» አለ በመጨረሻ። «ከመሸ አጥሩ ኮሽ ባለ ቁጥር መጡብን ትላለች። እኔ ስወጣ ብቻዋን ናት። ቤታችን ሰው አይመጣም፤ ጨው የሚበደር እንኳን የለም። ጥሩ ውሻ ቢኖር ብዬ ነው።»

አዶት «የዘራኸውን ነው ያጨድከው» ሊሉት ይችሉ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቢሰማ ደስ የሚለው ይህ ነበር። እሳቸው ግን እንዲህ አሉት፦ «እንግዲያው አንተ የምትፈልገው ውሻ ነው፤ ቡችላ አይደለም። ቡችላ ዛሬ ቢወለድ መቼ ይጠብቅሃል? እስኪያድግ ድረስ አንተ ነህ የምትጠብቀው። ያደገ ውሻ ግን ጌታ አጥቶ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ነብሮን ውሰደው።»

ነብሮ የወይዘሮ ፋንታዬ ውሻ ነበር። የፋንታዬ ባል ዱር ገብቶ እዚያው ሞቷል፤ እሷም ከመያዟ በፊት ወደ ዘመዶቿ ሸሽታለች። ቤታቸው ሣር በቅሎበታል። ነብሮ ግን ከደጁ አልሄደም፤ የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ በተዘጋው በር ላይ ተጋድሞ ይውላል። ማንም ሊወስደው አይደፍርም፤ የአርበኛ ውሻ መመገብ ያስጠይቃል ይባል ነበር።

«የሽፍታ ውሻ!» አለ አቶ ሽብሩ፣ ዓይኑ ፈጥጦ።

«አንተ ብትወስደው ማን ይጠይቅሃል?» አሉት አዶት። «ጠያቂው አንተው ነህ።»

ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔና አዶት ቤት ገብተን በሩን ዘጋን፤ ለብዙ ቀን ኮቴ በሰማን ቁጥር እንተያይ ነበር። የመጣ ግን የለም። ይልቅ አንድ ቀን እንጨት ስለቅም፣ ያ ካኪ ካፖርት የፋንታዬ ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ አየሁት። ቆርቆሮ ሳህን አስቀምጦ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ነብሮ አላየውም። በማግሥቱም እዚያው ነበር፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። ያ የሚፈራ ሰው ዝናብ እየመታው ለውሻ ደጅ ሲጠና ያየ የሰፈር ሰው መሳቅም መፍራትም አቃተው። ክረምቱ ሲወጣ ነብሮ ከኋላው እየተከተለ ሲሄድ አየነው፤ ቀርቦ አይደለም፣ ሌላ መንገድ የሚሄድ ይመስል ከሩቅ ነበር። ሚስቱ እንቅልፍ አገኘች አሉ። እሱም ራሱ ተለወጠ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን በእሱ ቃል የተወሰደ ሰው አላስታውስም፤ ምክንያቱን አላውቅም፤ እንዳየሁት ነው የምናገረው።

ዘመን ዞረ። ጣሊያን ወጣ፤ ጋራዡ ተዘጋ፤ ሸክላው ዝም አለ። ከየጓዳው የተደበቀ ባንዲራ ወጥቶ እልልታው ሲደራ አቶ ሽብሩ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ፤ ቤቱን እናቃጥል ያሉም ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ናቸው የከለከሉት። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ፋንታዬ ተመለሰች። እኔና አዶት ማጭድ ይዘን ደጇ ላይ የበቀለውን ሣር እያጨድንላት ሳለ አቶ ሽብሩ መጣ። ካፖርቱን አልለበሰም። ነብሮን በገመድ ይዞታል። ደንዳና፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ውሻ ሆኗል።

ፋንታዬ ውሻውን ስታየው ማጭዷ ከእጇ ወደቀ። ነብሮ ገመዱን በጥሶ ደረቷ ላይ ወጣባት፣ ፊቷን፣ እጇን፣ ነጠላዋን ላሰ፤ እሷም መሬት ተቀምጣ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ በባሏ መርዶ ቀን ማልቀስ አልተፈቀደላትም ነበርና ያን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰችው። አቶ ሽብሩ አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ሲል፣ ነብሮ ተነሥቶ ጥቂት ተከተለው፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እሷ ያያል።

ፋንታዬ እንባዋን ጠረገች። ምን እንደምትለው ሁላችንም ፈርተን ነበር።

«ለሠራኸው ሥራ እግዚአብሔር ይፍረድህ፤ እኔ አልምርህም» አለችው። «ይሄ እንስሳ ግን ወፍሯል። ስለዚህ ቤትህ ውስጥ ሰው ነበር ማለት ነው። ሊያይህ ሲመጣ አታባርረው።»

ሌላ አልተናገረችም። ነብሮም እስኪሞት ድረስ በሁለት ደጅ ይመላለስ ነበር፤ ሁለቱ ቤቶች ካልተነጋገሩ ደግሞ ውሻው የት እንዳለ አይታወቅምና፣ «እናንተ ጋ ነው?» «እኛ ጋ ነው» መባባል ጀመሩ። መታረቅ ነው አልልም፤ ንግግር ግን ነው።

ቡላስ? ቡላ በሰላም አድጋ ደንድና ነበር። ወንድ በፈለገች ቁጥር ጓዳ እየዘጋን አሳለፍናት፤ አዶት «በሽብር ጊዜ ቡችላ አይወለድም» ይሉ ነበር። አገር ሲረጋጋ እኔን ጠርተው «አሁን ከፈለግሽ ጊዜው ነው» አሉኝ። ነብሮን አዩት፦ መጠኑ ለእሷ የሚሆን፣ ጤነኛ፣ ሰው የማይነክስ፣ ግን ደጁን የሚያውቅ። ቢሆንም ከማገናኘታችን በፊት በየቤቱ ይዘውኝ ዞሩ። «ቡችላ ቢኖር ታሳድጋላችሁ?» ይሉና፣ «አዎ» ያለውን ሁሉ «ሴት ብትሆንስ?» ይሉታል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነበር የሚቀረው። ቃሉን ያጸናው ሰው ሲበቃ ነው «እንግዲህ ይሁን» ያሉት።

ያማጠች ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገቧ አልተነሣንም። አንዱ ቡችላ ትንፋሽ ሳይኖረው ወጣ። አዶት አፉን በጣታቸው ጠርገው፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ጀርባውን ሲያሹት ሲያሹት፣ እኔ ተስፋ ቆርጬ ፊቴን ካዞርኩ በኋላ ሲጥ አለ። ዓይናቸው ሲረጥብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቡችሎቹ ጡት እስኪተዉ ድረስ ማንም እንዲወስድ አልፈቀዱም። ከወሰዱም በኋላ ገበያ ሲሄዱ መንገዳቸውን እያጣመሙ በየቤቱ ጎራ ይሉ ነበር። «ለምን ይደክማሉ? ሰጥተናቸዋል'ኮ» ብላቸው፣ «የሰጠሁት ቡችላውን ነው፤ ኃላፊነቱን አልሰጠሁም» አሉኝ። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት በዚያ ዓመት ነበር። በራሴ ጊዜ፣ ማንም ሳያስቸኩለኝ።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ሰላማዊት ውሻዋ ጭኗ ላይ ተኝታ ጆሮዋን ታሻሻለች።

«ታዲያ ተዪው እያሉኝ ነው?»

«አላልኩሽም። መጀመሪያ ለእንስሳት ሐኪም አሳዪያት፤ ደርሳለች ወይ፣ ጤናዋ ይችላል ወይ። የልጁን ወንድ ሄደሽ በዓይንሽ እዪው፤ መልኩን ሳይሆን ጠባዩን፣ እናትና አባቱንም ጠይቂ። ስትወልድ ከሥራ የሚያስቀርሽ ፈቃድ ታገኛለሽ ወይ፣ እሱን አስቢ። ከዚያ እነዚያን ‹ሁሉም› ያልሻቸውን ሰዎች አንድ በአንድ፣ በስማቸው ጠይቂያቸው። ወስዶ የማይሆንለት ቢገኝ ደግሞ ቡችላው ተመልሶ የሚገባው አንቺ ቤት ነው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሑድ ቀን መጣች። ጠይቃለች። ለአንዷ አከራይዋ አይፈቅዱላትም፤ አንዱ «ወንድ ከሆነ ብቻ» አለ፤ ሌላዋ «ስቀልድ ነው'ኮ» ብላ ሳቀችባት። ቃላቸውን ያጸኑት ጥቂቶች ናቸው። ሐኪሙ ደግሞ ወንድ የፈለገችበት የአሁኑ ጊዜ ይለፍ፣ የሚቀጥለውን እናያለን ብሏታል። ፊቷ ላይ ቅሬታ ያየሁ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም።

«እርስዎስ እማማ? አንድ ቢኖርዎ አይወዱም?» አለችኝ።

«እወዳለሁ» አልኳት። «መጨረሻ የነበረኝ ውሻ ከሞተ ወዲህ ደጁ ጭር ብሎብኛል። ግን አልወስድም። ቡችላ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የኔ ሊያልቅ ነው። ከኔ በኋላ የትም የሚቀር ነገር አላሳድግም።»

ሰላማዊት ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ አለሁ አይደል?» አለች። «እርስዎ እስካሉ እዚህ ይደግ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ይመጣል፣ ወደ እናቱ። ቃሌ ነው።»

ያን ያህል ስለ መታገሥ ያወራሁ ሴትዮ፣

«እንግዲያው ብዙ አታስጠብቂኝ» አልኳት።